ጉሮሮ ሁሉ ቫይረስ አይደለም፣ የቀረውንም ግማሽ ጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

እንደምን ሰነበታችሁ። የጤና ገጻችሁን ሁሌም ነው የምከታተለው፣ በቅርቡ ስለ ጉሮሮ ሕመም ያወጣችሁትንም አንብቤዋለሁ፣ ጉሮሮ የሚያመው በቫይረስ ስለሆነ ሰው ዝም ብሎ አንቲባዮቲክ እየገዛ አይዋጥ፣ ጀርሞቹ መድኃኒቱን እየተላመዱት ነው የሚል ነበር ነገሩ። ሐቅ ነው። እኔ የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው፣ ይሄንኑ ሳልናገር የምውልበት ቀን የለም። ግን ጽሑፉ እዛችው ላይ አለቀ፣ ግማሹ ብቻ ሲነገር ደሞ ሌላ ጣጣ እንደሚያመጣ እያየሁ ስለሆነ ነው ይቺን ደብዳቤ የምጽፈው። ድሮ ጉሮሮውን ያመመው ሁሉ አሞክሳሲሊን ስጡኝ ይል ነበር፣ አሁን ደሞ "ቫይረስ ነው፣ ራሱ ይለቀዋል" ብሎ ትኩሳት የያዘውን ልጅ ቤት አስቀምጦ የሚጠብቅ ወላጅ መጥቷል። ሁለቱም ልክ አይደለም።

አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ከቫይረስ ነው ስንል የሚቀረው ቁጥር ትንሽ እንዳይመስላችሁ። ጉሮሯቸውን አሟቸው ከሚመጡ ልጆች ውስጥ ከመቶ ከ20 እስከ 30 የሚሆኑት፣ ከአዋቂዎች ደሞ ከመቶ ከ5 እስከ 15 የሚሆኑት ያመማቸው ባክቴሪያ ነው፣ ስሙም ግሩፕ ኤ ስትሬፕቶኮከስ ይባላል፣ ባጭሩ ስትሬፕ እንበለው። ከአራትና ከአምስት ልጅ አንዱ ማለት ነው እንግዲህ። እና ይሄ ባክቴሪያ ጉሮሮ ላይ የሚያደርገው ሳይሆን ጉሮሮው ከዳነ በኋላ የሚያመጣው ነው ሐኪሞቹን የሚያሳስባቸው፣ እሱን ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ እንዴት ነው የሚለየው? ስትሬፕ ድንገተኛ ነው። ጠዋት ሲጫወት የነበረ ልጅ ማታ ላይ ይግላል፣ ምራቁን መዋጥ ያቅተዋል፣ ምግብ ሲሰጡት ፊቱን ያዞራል። አፉን አስከፍታችሁ በደንብ ብርሃን ብታዩት ቶንሲሎቹ ቀልተው አብጠው ነው የምታገኟቸው፣ አንዳንዴ ነጭ ወይ ቢጫ ነገር ነጠብጠብ ብሎባቸው ወይ ሸፍኗቸው፣ ላንቃው ላይ ደሞ ጥቃቅን ቀይ ነጥቦች ሊኖሩ ይችላሉ። ከመንጋጋው ሥር በአንገቱ ፊት ለፊት በኩል ያሉት እጢዎች ያብጣሉ፣ ሲነኳቸው ያማሉ። ልጆች ላይ ደሞ አሳሳች ነገር አለው፣ ሆዴን ይላሉ፣ ራሴን ይላሉ፣ ያስመልሳቸዋል፣ ጉሮሮ የሚባል ነገር ትዝም ላይላቸው ይችላል፣ እና ወላጅ ሆዱን ነው ብሎ የሆድ መድኃኒት ፍለጋ ይመጣል። ትኩሳት ያለው ልጅ ሆዴን ካለ ጉሮሮውንም እዩለት። አንዳንዶቹ ላይ ደሞ ሰውነታቸው ላይ ሽፍታ ይወጣል፣ ሲዳስሱት እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር፣ አንገትና ደረት አካባቢ ጀምሮ የሚወርድ፣ ብብትና ብሽሽት ላይ የሚብስ፣ ይሄ ስካርሌት ፊቨር የሚባለው ነው፣ ያው የስትሬፕ ሥራ ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይታይ ስለሚችል በዓይን ብቻ ሳይሆን በእጅ መዳሰስ ነው የሚሻለው።

ቫይረሱስ? እሱ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይመጣም፣ ሳል አለው፣ ንፍጥ አለው፣ ድምፅ ይዘጋል፣ ዓይን ይቀላል፣ ተቅማጥም ሊኖር ይችላል፣ አፍ ውስጥ ቁስል ይወጣል። እነዚህ ካሉ ስትሬፕ የመሆን ዕድሉ ይቀንሳል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ጥያቄ "ሳል አለው ወይ?" የሚል ነው፣ ሰዎች ይገርማቸዋል፣ ጉሮሮውን ነው ያመመው እያልንህ ስለ ሳል ምን አገባህ በሚል ዓይን ያዩኛል፣ ግን የሳል አለመኖር እዚህ ቦታ ላይ ትልቅ ምልክት ነው።

ሐኪሞችም በዚሁ ነው የሚሄዱት። እ.ኤ.አ. በ1981 ሮበርት ሴንተር የሚባል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ አራት ነገር ብቻ የሚቆጥር መለኪያ አወጣ፦ ትኩሳት መኖሩ፣ ሳል አለመኖሩ፣ የአንገት ፊት እጢዎች አብጠው ማመማቸው፣ ቶንሲሉ ላይ መግል መታየቱ። በኋላ ዕድሜ ተጨመረበት፣ ልጅ ከሆነ አንድ ነጥብ ይደመራል፣ 45 ዓመት ከሞላው አንድ ይቀነሳል። እና ልብ በሉ፣ አራቱም ምልክት ሞልቶባቸው እንኳን በመጀመሪያው ጥናት ስትሬፕ የተገኘባቸው ከግማሽ ትንሽ የሚበልጡት ናቸው። ስለዚህ ምልክት ቆጥራችሁ "አራት ሆነልኝ፣ መድኃኒት ስጠኝ" ብላችሁ እንዳትመጡ፣ የምልክቱ ጥቅም ማን መመርመር እንዳለበት መለየት ነው። ምርመራው ቀላል ነው፣ በጥጥ እንጨት ቶንሲሉንና የጉሮሮውን ኋላ ጠረግ ያደርጉታል፣ ፈጣኑ ምርመራ በደቂቃዎች ይደርሳል፣ ካልቸር ከሆነ (ባክቴሪያውን ላቦራቶሪ ውስጥ አሳድጎ ማየት ማለት ነው) ደሞ አንድ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ፈጣኑ በሌለበት ቦታ ሐኪሙ ምልክቱንና ዕድሜውን አይቶ ይወስናል፣ ያም ተቀባይነት ያለው አሠራር ነው።

ሳልና ንፍጥ ያለበትን ሁሉ መመርመርስ ለምን አይሻልም የሚል ሰው አይጠፋም። አይሻልም። ምክንያቱም ምንም ሳያማቸው ባክቴሪያውን ጉሮሯቸው ውስጥ ይዘው የሚዞሩ ልጆች አሉ፣ ከአስር አንድ ገደማ፣ እነሱ ጉንፋን ይዟቸው ቢመረመሩ ስትሬፕ አለ ይላል፣ ሕመሙ ግን የጉንፋኑ ነው። ያለ ነገር አስር ቀን መድኃኒት ማስዋጥ ይሆናል።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ስትሬፕ የያዘው ጉሮሮ ካልታከመም ይድናል። በሦስት በአምስት ቀን ትኩሳቱ ይወርዳል፣ ልጁ ይበላል፣ ይጫወታል፣ ሁሉም ሰላም ይመስላል። አንቲባዮቲኩ ሕመሙን የሚያሳጥረው በአንድ ቀን አካባቢ ብቻ ነው። እና እናንተ የጻፋችሁትን ያነበበ ሰው "ይኸው ያለ መድኃኒት ዳነ፣ እውነታቸውን ነው" ቢል አይፈረድበትም። ግን እዚህ ጋ መድኃኒቱ የሚሰጠው ለጉሮሮው አይደለም፣ ለልቡ ነው። ጉሮሮው ከዳነ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ አንዳንዱ ልጅ ላይ ሩማቲክ ፊቨር የሚባለው ይነሳል፣ ያን ጊዜ ባክቴሪያው ራሱ ላይኖር ይችላል፣ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመውጋት ያዘጋጀው መከላከያ ነው ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያ፣ ልብና አንጎል የሚያጠቃው፣ የባክቴሪያው አካልና የእኛ ሥጋ በሆነ ነገራቸው ስለሚመሳሰሉ። ሁሉም ላይ አይደርስም፣ በድሮ ወረርሽኞች ላይ ካልታከሙት ውስጥ ከመቶ ሦስት የሚሆኑት ላይ ነው የታየው፣ ግን አንዴ የደረሰበት ሰው ስትሬፕ በያዘው ቁጥር ሊመላለስበት ይችላል፣ በተመላለሰ ቁጥር ደሞ የልቡ ቫልቭ (ደም የሚያሳልፈው በር) ጠባሳ ላይ ጠባሳ ይጨምራል።

ይሄን ሕመም ሰው እንዲያውቀው እፈልጋለሁ ምክንያቱም ሲጀምር የልብ ሕመም አይመስልም። በመገጣጠሚያ ነው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው፣ ዛሬ ጉልበቱ ያብጣል ይግላል፣ ከነገ ወዲያ ጉልበቱ ይተወውና ቁርጭምጭሚቱን ይለዋል፣ ከዛ ክርኑን፣ ከዛ የእጁን አንጓ፣ እየዞረ። ወላጅ ወድቆ ይሆናል ይላል፣ እያደገ ስለሆነ ነው ይላል፣ ማስታገሻ ይሰጠዋል፣ ክፋቱ ደሞ ይሄ ሕመም ለአስፕሪንና ለአይቡፕሮፌን ቶሎ ስለሚታዘዝ ምልክቱ ይጠፋና ልጁ ሐኪም ሳያየው ይቀራል። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ግን ኮሪያ የሚባለው የመወራጨት ሕመም ነው፣ ከጉሮሮ ሕመሙ ወራት ቆይቶ ስለሚመጣ ማንም ከጉሮሮ ጋር አያያይዘውም፣ ልጁ (በአብዛኛው ሴት ልጅ ናት) እጇ ሳትፈልግ ይወራጫል፣ የያዘችው ይወድቃል፣ ጽሑፏ ይበላሻል፣ ፊቷን ታጨማድዳለች፣ ያለምክንያት ታለቅሳለች፣ እና ቤት ውስጥ ይቆጧታል፣ ክፍል ውስጥ ይቀጧታል፣ ሕመም ነው ብሎ የሚያስብ የለም። አስተማሪዎች ይቺን ነገር ቢያውቋት ስንት ልጅ በጊዜ ሐኪም ጋ በደረሰ። ልቡ ላይ ሲመጣ ደሞ ትንፋሽ ማጠር፣ ድካም፣ የልብ መምታት፣ የእግር እብጠት አለ፣ ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ላይ ምንም የማይሰማው አለ። ዓመታት አልፈው ቫልቩ ጠቦ ወይ በደንብ አልዘጋ ብሎ ሲገኝ "ልጅ ሆነህ ጉሮሮህን ያምህ ነበር?" ሲባል የማያስታውሰው ብዙ ነው። ሴቶች ላይ ደሞ እርግዝና ነው የሚያወጣው፣ በእርግዝና ጊዜ የደም መጠን ስለሚጨምር የጠበበው ቫልቭ አይችለውም፣ እስከዛ ጤነኛ ነኝ ስትል የኖረች ሴት ድንገት መተንፈስ ያቅታታል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሩማቲክ የልብ ሕመም የተያዘው ሰው 55 ሚሊዮን አካባቢ ነው፣ በየዓመቱ 360,000 የሚሆን ሰው ይሞትበታል። አብዛኛው ድሃና መካከለኛ ገቢ ያላቸው አገሮች ውስጥ ነው፣ ሀብታሞቹ ዘንድ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ጤና ጉባኤ ራሱን የቻለ ውሳኔ አሳልፎበታል። እና ይሄ ሁሉ ከጉሮሮ የተነሳ ነው፣ ፔኒሲሊን በሚባል ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ በተገኘ፣ ርካሽ በሆነ መድኃኒት መከላከል እየተቻለ!

ማን ነው ይበልጥ መጠንቀቅ ያለበት? ዕድሜው ከ5 እስከ 15 ያለ ልጅ አንደኛ ነው። ከ3 ዓመት በታች ብዙም አይታይም፣ ትልልቅ ሰዎችም ቢያዙ ሩማቲኩ እነሱ ላይ አልፎ አልፎ ነው። ከዛ መጨናነቅ ነው፣ ባክቴሪያው በሳልና በማስነጠስ በሚወጣ ጠብታ ነው የሚተላለፈው፣ ስለዚህ ብዙ ሰው አንድ ክፍል የሚያድርበት ቤት፣ የታጨቀ መማሪያ ክፍል፣ የተማሪ ማደሪያ፣ የወታደር ካምፕ፣ የስደተኛ መጠለያ ሁሉ ለሱ ይመቸዋል። ቤት ውስጥ አንዱ ከተያዘ ከሁለት እስከ አምስት ቀን ባለው ሌላውን ሊጀምረው ይችላል። ተማሪ ልጆች ያሏቸው ወላጆችና አስተማሪዎችም ከሌላው አዋቂ ይበልጥ ይጋለጣሉ። ከሁሉም በላይ ግን ከዚህ በፊት ሩማቲክ ፊቨር የነበረበት ሰው ነው፣ እሱ ጉሮሮውን ሲያመው ነገ ተነገ ወዲያ የሚባል ነገር የለም፣ ዛሬውኑ መታየት አለበት። ወንድም ወይ እህት በሩማቲክ ታሞ የሚያውቅበት ቤትም እንደዛው ጠንቀቅ ቢል ጥሩ ነው።

ሰው እንዳይደናገጥ ደሞ አንድ የሚያረጋጋ ነገር ልጨምር፣ ጉሮሮው ባመመ በ9 ቀን ውስጥ አንቲባዮቲክ ከተጀመረ ሩማቲክ ፊቨርን ይከላከላል ተብሎ ነው የሚታወቀው። ማለትም በሌሊት እየሮጡ መውጣት፣ የምርመራ ውጤት ሳይደርስ መዋጥ አያስፈልግም፣ ካልቸሩን አንድ ሁለት ቀን መጠበቅ ይቻላል። ግን ደሞ ዘጠኝ ቀን ዘጠኝ ቀን ነው፣ "ትንሽ እንየው" እየተባለ ሁለት ሳምንት ከሄደ ጊዜው አልፏል።

መድኃኒቱ ላይ ስመጣ የሙያዬ ነገር ስለሆነ ትንሽ ልቆጣ። ፔኒሲሊን ወይም አሞክሳሲሊን የሚዋጠው 10 ቀን ነው። ሦስት ቀን አይደለም፣ አምስትም አይደለም። በሦስተኛው ቀን ልጁ ደህና ስለሆነ ቀሪውን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ ለሚቀጥለው ሕመም፣ ወይ ለታናሽ ወንድሙ፣ ወይ ለጎረቤት ልጅ ማካፈል የተለመደ ነው፣ ከተካፈለው ማንም በትክክል አይድንም። አስር ቀን ማስዋጥ የማይሆንለት ሰው ደሞ አማራጭ አለው፣ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚባለው መርፌ አንዴ ተወግቶ ያበቃል፣ ልጁ ከ27 ኪሎ በታች ከሆነ 600,000 ዩኒት፣ 27 ኪሎና ከዛ በላይ ከሆነ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት፣ የሚወጋው ግን ጤና ተቋም ውስጥ ነው፣ ያማል፣ አልዋሽም። ፔኒሲሊን አለርጂ ያለበት ሰው ሳይናገር እንዳይወስድ፣ ለሱ የሚሆን ሌላ መድኃኒት አለ።

"ጠንከር ያለ ስጡኝ" የሚሉኝ ነገርስ! ግሩፕ ኤ ስትሬፕ እስካሁን ድረስ ለፔኒሲሊን እጅ እንደሰጠ ነው ያለው፣ በሕክምና ላይ ፔኒሲሊንን የተቋቋመ አልታየም፣ በሌላ በኩል ሰው ጠንካራ ነው ብሎ የሚወደው አዚትሮማይሲንን የተላመዱ ስትሬፖች በየቦታው አሉ። አዲሱና ውዱ መድኃኒት እዚህ ጋ የተሻለ አይደለም፣ እንዲያውም የባሰ ሊሆን ይችላል። ሌላም አለ፣ በሞኖ (ኢቢቪ በሚባል ቫይረስ የሚመጣ፣ ወጣቶች ላይ የሚበዛ፣ ቶንሲሉ ልክ ስትሬፕ የሚመስል) የታመመ ሰው አሞክሳሲሊን ሲወስድ ብዙ ጊዜ ሰውነቱን ሙሉ ሽፍታ ይወርሰዋል፣ ከዛ ዕድሜ ልኩን የፔኒሲሊን አለርጂ አለብኝ እያለ ይኖራል፣ ሳይኖርበት።

መድኃኒት የጀመረ ልጅ ከ24 ሰዓት በኋላ ትኩሳቱ ከወረደ ትምህርት ቤት መሄድ ይችላል፣ ከዛ በኋላ ሌላ ሰው ላይ የማስተላለፉ ነገር በጣም ይቀንሳል። እስከዛ ግን ኩባያና ማንኪያ ለብቻ፣ እጅ መታጠብ፣ ሲያስል አፍን መሸፈን፣ ይሄ የታወቀ ነው።

ጊዜ የማይሰጡትን ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። አፉን መክፈት ያቃተው፣ ምራቁን መዋጥ አቅቶት ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ ድምፁ አፉ ውስጥ ነገር የያዘ ሰው የመሰለ፣ በአንድ ወገን ብቻ የባሰበት፣ እንጥሉ ወደ አንድ ጎን የተገፋ፣ ይሄ ቶንሲሉ ጀርባ መግል ቋጥሮ ሊሆን ይችላል፣ በመዋጥ ብቻ አይድንም፣ ሊቀዳለት ይገባል። ሲተነፍስ ድምፅ የሚያሰማ፣ አንገቱን ማጠፍ ያቃተው፣ የሚቃዥ፣ እጅ እግሩ የቀዘቀዘ፣ ወይም ከሚታየው ቁስልና እብጠት ጋር የማይመጣጠን ከባድ የእጅ ወይ የእግር ሕመም ያለው፣ ድንገተኛ ክፍል ነው ቦታው፣ ባክቴሪያው ደም ውስጥ ወይ ሥጋ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓ አገሮች ይሄ ዓይነቱ በተለይ ልጆች ላይ መጨመሩን አስታውቆ ነበር። ክትባት ያልጨረሰ ልጅ ጉሮሮው ላይ ግራጫ ሽፋን ካያችሁበት፣ ለመላጥ ሲሞከር የሚደማ፣ እሱ ዲፍቴሪያ ሊሆን ስለሚችል እንዳትነካኩት፣ ይዛችሁ ሂዱ። ከጉሮሮ ሕመም አንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ደሞ ጠዋት ፊቱ አብጦ የሚነሳ፣ ሽንቱ እንደ ኮካ የጠቆረ ልጅ ኩላሊቱ ተነክቶ ሊሆን ይችላል፣ ይሄኛው አንቲባዮቲክ በጊዜ ቢወሰድም ሊመጣ ስለሚችል ታክሟል ብላችሁ አትዘናጉ።

ከናንተ የምጠይቀው እንግዲህ በሚቀጥለው እትም ያንኑ ርዕስ ደግማችሁ እንድታወጡት ነው፣ በዛው ስፋት፣ ሳልና ንፍጥ ያለበት ቤቱ ይረፍ፣ ሳል የሌለበት ትኩሳት ያለበት ልጅ ግን ይመርመር ብላችሁ። ቦታ ከተረፋችሁ ደሞ ሩማቲክ የተገኘባቸው ልጆች ሕመሙ እንዳይመለስባቸው በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ ስለሚወጉት የፔኒሲሊን መርፌ አንድ ነገር ጻፉ። ቢያንስ ለአምስት ዓመት ወይ 21 ዓመት እስኪሞላቸው፣ የሚረዝመው ተወስዶ፣ ቫልቫቸው የተጎዳ ደሞ እስከ 40 ዓመታቸው ሊቀጥሉ ይችላሉ፣ እና ምንም ሳያማቸው በየወሩ የሚያም መርፌ መወጋት ሰልችቷቸው የሚያቆሙት ብዙ ናቸው። ያቆሙትን የሚያውቋቸው ቤተሰቦቻቸው ናቸው፣ ጋዜጣችሁንም የሚያነቡት እነሱ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር
ፋርማሲስት የሆንኩ አንባቢያችሁ